የፈረንጁ ጸደይና የቦምቤ በልግ
ገደል ለመውጣት ባሕር የሚሻገረው እንግዳ ገንዘቡን የሚያወጣው በምን ስሌት ነው?

በጥር ወር ሙኒክ፣ ሚላኖ ወይም ለንደን የሚኖር ሠራተኛ ከሥራው ሲወጣ መንገዱ ጨልሟል፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። ገደል የመውጣት ፍቅር ያደረበት ከሆነ ክረምቱን የሚያሳልፈው አዳራሽ ውስጥ በተሠራ ሰው ሠራሽ ግድግዳ ላይ በገመድ እየተንጠለጠለ ነው። ልቡ ግን መጋቢት ላይ ነው። የአገሩ ዐለት ገና ከበረዶና ከእርጥበት ሳይላቀቅ፣ ፀሐይ ቀድማ ወደ ወጣችበት አገር ሄዶ አንድ አሥር ቀን እውነተኛ ገደል ሊወጣ ያቅዳል። ቲኬቱን የሚቆርጠውም፣ ማደሪያውን የሚይዘውም፣ የዕረፍት ፈቃዱን የሚጠይቀውም በዚሁ በጥር ወር ነው። በሌላ አነጋገር መጋቢት ላይ የሚታየው ገበያ የሚዘጋው ጥር ላይ ነው።

ይህ ጉዳይ የገበያ ገጽ አንባቢን ምን ያገባዋል? የሚያገባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሰውዬው ይዞ የሚመጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን የሚጥለው እንደ ሌላው ጎብኚ በከተማ ሆቴልና በመታሰቢያ ዕቃ መደብር ሳይሆን ገደል ባለበት ገጠር፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ሌላ እንግዳ በማይደርስበት ቦታ ነው። በወላይታ ዞን ቦምቤ አካባቢ ምድሩ ወደ ኦሞ ሸለቆ እየተቆራረሰ የሚወርድበትን፣ የአጆራ መንታ ፏፏቴዎች ከመቶ ሜትር በላይ የሚወረወሩበትን ገደል ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ይህን የሚፈልጉ ሰዎች ዓለም ላይ እያሉ ለምን እዚህ አይመጡም? ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የሎጅ ፕላንና የብድር ማመልከቻ ነው። ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት እንግዳው ራሱ እንዴት እንደሚያሰላ ማወቅ ይበጃል።

በነገራችን ላይ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ገደል ወጪ» የሚል ቃል ሲያጋጥም የሚወጣው ሰው መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን። ስለ ሌላው ወጪ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስንናገር ለይተን እንናገራለን።

ዝንጅብልና ስፖንጅ

ቦምቤ የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ ይዘው አረካ ሲደርሱ ወደ ምዕራብ ታጥፈው ይገቡባታል። ነጋዴ የሚያውቃት በገደሏ አይደለም፣ በዝንጅብሏ ነው። ቦሎሶ ቦምቤና ከማዶ ያለው የከምባታ ሀዳሮ አገር ለረጅም ዘመን የዝንጅብል አገር ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. ግድም የገባው አጠውላጊ በሽታ ግን በአንድ ሁለት የምርት ዘመን ውስጥ ማሳውን አወደመው። በሽታው የባክቴሪያ ነው፤ በዘር፣ በአፈርና በውሃ ይተላለፋል። ስለዚህ ገበሬው ለከርሞ ብሎ ያስቀመጠው ዘር ራሱ የበሽታው ተሸካሚ ሆነ። በዚያን ጊዜ ለምርቱ ቅድሚያ ገንዘብ በትኖ የነበረ ነጋዴ ምን እንደ ደረሰበት ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያሻም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የዓለም ገደል ወጪዎች በመጋቢትና በሚያዝያ ከሚጎርፉባቸው ቦታዎች አንዷ የሆነችው የግሪክ ደሴት ካሊምኖስ ታሪኳ ከዝንጅብሉ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። ካሊምኖስ ቱርክ ዳርቻ አጠገብ ያለች፣ አሥራ ስድስት ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ድንጋያማ ደሴት ናት። ለእርሻ የሚሆን መሬት እምብዛም ስለሌላት ወንዶቿ ባሕር ውስጥ እየጠለቁ ስፖንጅ እያወጡ ይሸጡ ነበር። ሰው ሠራሽ ስፖንጅ መጥቶ ዋጋውን ቀነሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የተነሣ በሽታ ስፖንጁን ከነመሠረቱ ጨረሰው። በርካሽ ጥቅል ጉዞ የሚመጣው የበጋ ጎብኚም ቢሆን ወደ ጎረቤቷ ኮስ እየሸሸ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሪያ ዲ ባሪ የሚባል ጣሊያናዊ ገደል ወጪ ለዕረፍት መጣና ሌላው ጎብኚ ወደ ባሕሩ ሲያይ እርሱ ወደ ኋላ ዞሮ ገደሉን አየ። በዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ተመልሶ ዐለቱን በመሰርሰሪያ እየበሳ ብሎን ተከለ፣ የመጀመሪያዎቹንም የመውጫ መስመሮች ከፈተ። የደሴቲቱ ማዘጋጃ ቤት ነገሩ ገብቶት ለብሎኑና ለሥራው ገንዘብ መመደብ ጀመረ። ዛሬ በደሴቲቱ ላይ ከ3,000 በላይ መስመሮች አሉ። ማሱሪ በምትባለው መንደር በክረምትና በጸደይ ተዘግተው ይከርሙ የነበሩ ቤቶች አሁን ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንደገናም ከመስከረም እስከ ኅዳር ይከራያሉ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደውን ነጥብ በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። ካሊምኖስ አዲስ ሆቴል ሠርታ እንግዳ አልጠበቀችም። አልጋው፣ ምግብ ቤቱ፣ መርከቡ ቀድሞ ነበረ፤ ለሌላ እንግዳ ተሠርቶ ባዶውን ቀርቶ ነበር። ገደል ወጪው የመጣው ወጪው (የገንዘቡ ማለታችን ነው) አስቀድሞ በወጣበት ቤት ውስጥ ነው። ቦምቤ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቤት የለም፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ወደኋላ እንመለስበታለን።

ሰማዩን ያየ

እቅድ አውጪው ከዐለቱ አስቀድሞ የሚመረምረው ሰማዩን ነው። የዕረፍት ቀኑ የተቆጠረ ስለሆነ ዝናብ የወሰደበት ቀን ተመላሽ የሌለው ኪሳራ ነው። ለአሥር ቀን የወጣ ሰው ሦስቱን ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ካሳለፈ፣ ገደል ላይ የዋለበት የእያንዳንዱ ቀን ዋጋ በአርባ በመቶ ያህል ጨመረበት ማለት ነው። ስለዚህ ስፔን ይሁን ግሪክ፣ ዮርዳኖስ ይሁን ሞሮኮ፣ በመጋቢት ዝናብ የማይበዛበትን ይመርጣል።

የቦምቤ ነገር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ወላይታ የሁለት ዝናብ አገር ነው። የአውሮፓው ሰው «ጸደይ ጠባ» ብሎ ሻንጣውን በሚያነሣበት በመጋቢት ወር ወላይታ ላይ በልግ ይገባል። በልጉ እስከ ግንቦት ይዘልቅና ክረምቱ ይቀበለዋል። ለቦሎሶ ገበሬ በልግ ማለት ሕይወት ነው፤ በቆሎው፣ ቦሎቄው፣ ስኳር ድንቹ፣ ጎደሬው የሚገባበት ጊዜ ነው፣ በልግ ከቀረ ረሃብ ነው። እንግዳው የሚሸሸው ዝናብ አስተናጋጁ የሚጸልይለት ዝናብ ነው ማለት ነው። በልግ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጧት ጧት መውጣት ይቻላል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ይቻል ይሆናል። ነገር ግን በጥር ወር ሙኒክ ቁጭ ብሎ የሚመርጥ ሰው «ይቻል ይሆናል» በሚል ቃል አህጉር አይሻገርም።

ከእርጥበቱ የባሰው ደግሞ አደጋው ነው። የዚህ አካባቢ ዐለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። ጥቁሩ ባዛልት ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ተሰንጥቆ የቆመበት ቦታ ለወጪ የሚያስጎመጅ ቢሆንም፣ በምሰሶዎቹ መካከል አፈርና ልቅ ድንጋይ ይቀመጣል። ውሃ ሲገባበት ይለቃል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን እንደ ቀበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያው ወር መጨረሻም በወላይታ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ሰው ሞቷል። እነዚህ በክረምቱ የደረሱ ቢሆኑም ምድሩ ውሃ ሲጠግብ ምን ዓይነት ምድር እንደሆነ ያሳያሉ። ፏፏቴው ራሱም ቢሆን ለዓይን እንጂ ለገመድ አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚረጭበት ገደል ሣርና ልሙጥ ሽበት አብቅሎበታልና። ገደል ወጪ የሚፈልገው ከፏፏቴው ፈቀቅ ያለውን፣ ፀሐይ የሚመታውን ደረቅ ግድግዳ ነው።

የሠራተኛውን ነገርም አንርሳ። በኢኮኖሚክስ ትምህርት የአማራጭ ዋጋ የሚባል ነገር አለ። አንድን ሥራ ለመሥራት ስትል የምትተወው ሌላ ሥራ ዋጋ ማለት ነው። በመጋቢት የቦምቤ ወጣት ዕቃ ተሸካሚ ወይም መንገድ መሪ ሁን ቢባል የሚተወው የዘር ጊዜ ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን አዝመራው ገብቷል፣ ጉልበቱ ርካሽ ነው ባንልም ነፃ ነው።

እንግዲህ መደምደሚያው ከባድ አይደለም። የመጋቢቱ ገበያ የቦምቤ ገበያ አይደለም። ለቦምቤ የሚሆነው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ደግነቱ ይህ ጊዜ የፈረንጆቹን የገና ዕረፍት ያቅፋል፣ እኛም ገናንና ጥምቀትን የምናከብርበት ነው። ጉዳቱ ደግሞ የገና ዕረፍት ተጓዥ ከጸደዩ ተጓዥ ያነሰ መሆኑና ደቡብ ስፔንና ታይላንድም በዚያው ጊዜ እርሱን የሚጠብቁ መሆናቸው ነው።

ከእኛው አገር ተፎካካሪ

ኢትዮጵያ በገደል ወጪዎች ዘንድ ፈጽማ ያልታወቀች አይደለችም። እኛ ራሳችንም ብንሆን ለሥራው እንግዳ አይደለንም፤ ደብረ ዳሞ የሚሄድ ምእመን ከጥንት ጀምሮ በጠፍር ገመድ ተጎትቶ ነው የሚወጣው፣ ገርዓልታ ላይ ያለው የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ካህንም በየቀኑ በባዶ እግሩ የሚወጣውን ገደል ፈረንጁ ታጥቆ ነው የሚሞክረው። የገርዓልታን የአሸዋ ድንጋይ ምሰሶዎች ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት ትገኝበታለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ከጓደኞቿ ጋር መጥታ በትግራይ ገደሎች ላይ አዳዲስ መስመሮችን ወጥታ፣ በዓመቱ ስለ ጉዞዋ በፎቶግራፍ የተሞላ መጽሐፍ አሳትማለች።

ገርዓልታ ከቦምቤ የሚበልጥበት ዋና ነገር አየሩ ነው። ዋናው ዝናብ የሚጥለው በክረምት በመሆኑ በመጋቢትም ደረቅ ቀን ይበዛዋል። ይሁን እንጂ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ የተነሣው ጦርነት በሩን ዘጋው፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላም ቢሆን የተሰበረ ስም በአንድ ቀን አይጠገንም። እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ አሠራር አለ። የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ተጓዥ ከአገሩ ሲወጣ ኢንሹራንስ ይገባል። ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ ገደል መውጣትን ስለማይሸፍን ተጨማሪ ከፍሎ ያስገባዋል። ከዚያም የአገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ወደዚህ ቦታ አትሂዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካወጣ፣ ኢንሹራንሱ በአብዛኛው ዋጋ አይኖረውም። ማስጠንቀቂያው ደግሞ የሚያስፈራው በቦታው ያለውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቦታው ያለውን መንገድ ጭምር ይነካል። ስለሆነም ቦምቤ ሰላም ናት ማለት ብቻውን አይበቃም። መንገዱ የሚያልፍበት ሁሉ ሰላም መሆን አለበት። ይህ ባለሀብቱ በራሱ ገንዘብ ሊገዛው የማይችለው ግብዓት ነው፤ ቢሆንም በስሌቱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

የሚገዛው ምንድነው?

ዐለቱ በነፃ የቆመ ነው፤ ማንም አልሠራውም፣ ማንም አያስከፍልበትም። እንግዳው የሚከፍለው ዐለቱ ላይ ሌላ ሰው ለጨመረው ነገር ነው። ከጨመሩት ነገሮች የመጀመሪያው መረጃ ነው። በዮርዳኖስ የዋዲ ራም በረሃ እንግሊዛዊው ቶኒ ሃዋርድ ከጓዶቹ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ገደሎቹን እየዞረ መስመሮቹን መዘገበ፣ በ1987 መሪ መጽሐፍ አወጣ። መንገዱን ያሳዩት በአደን ዘመናቸው ገደሎቹን የሚያውቁ የአካባቢው በደዊዎች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ እነርሱው መሪና አስተናጋጅ ሆኑ። ዛሬ ዋዲ ራም የድንኳን ማደሪያ የሞላበት ነው። መነሻ ካፒታሉ አንድ መጽሐፍ ነበረ ማለት ይቻላል። ከእኛ ባለሀብቶች መካከል ለሲሚንቶ እንጂ ለመጽሐፍ ብድር የጠየቀ መኖሩን እንጃ።

ቀጥሎ ብሎኑ ነው። ገደሉ ላይ ገመድ የሚያያዝበት የማይዝግ ብረት ብሎን ካልተተከለ አብዛኛው የዘመኑ ወጪ አይመጣም። ዋጋውን በግምት እናስላው። አንድ መስመር 12 ያህል ብሎን ይፈልጋል እንበል። ሃያ መስመር ለመክፈት 240 ብሎን መሆኑ ነው። አንዱን ከነማንጠልጠያው በ6 ዶላር ብንይዘው 1,440 ዶላር፤ በየመስመሩ ጫፍ ላይ ለሚደረገው መውረጃ 30 ዶላር ብንጨምር 600፤ ለመሰርሰሪያው፣ ለባትሪው፣ ለገመዱና ለራስ ቁሩ 2,000። በድምሩ 4,040 ዶላር ነው። በ150 ብር ብንመነዝረው 606 ሺህ ብር ይሆናል፣ ከአንድ ያገለገለ ሚኒባስ ዋጋ የማይደርስ ገንዘብ ነው። ዋናው ወጪ ብሎኑ ሳይሆን ብሎን መትከል የሚችለው ሰው ነው። ልቅ ባዛልት ላይ በግምት የተተከለ ብሎን ሰው ይገድላልና ይህን ሥራ የሚሠራው በሙያው የታወቀ መሆን አለበት። እንዲህ ያሉ ሰዎች አበልና ትኬት ብቻ ተችሏቸው፣ ለአዲስ ገደል ፍቅር ብለው የሚመጡበት ጊዜ አለ፤ ካሊምኖስ የተጀመረችው እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው ሰው ሲወድቅ የሚደረግለት ነገር ነው። በዚህ በኩል ወላይታ ብዙ የገደል አገሮች የሌላቸው ሀብት አላት፣ የሚገርመው ግን ማንም ሲጠቅሰው አይሰማም። ሶዶ ላይ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል አለ፣ በአጥንት ቀዶ ሕክምናው የታወቀው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም አለ። እግሩ የተሰበረ እንግዳ አዲስ አበባ ድረስ ሳይጫን ሊታከም ይችላል ማለት ነው። የሚቀረው ከገደሉ ሥር እስከ መኪናው መንገድ ያለው ነው። ለዚያ ቃሬዛ፣ ገመድና የሠለጠኑ አምስት ስድስት ወጣቶች ያስፈልጋሉ። ከሎጅ ይልቅ ይህ ቀድሞ ቢሟላ ለእንግዳው መተማመኛ፣ ለወጣቶቹም ሙያ በሆነ።

አልጋና ወለድ

አሁን ወደ ሎጁ እንምጣ። አንድ ባለሀብት በ10 ሚሊዮን ብር ስምንት ክፍል ያለው ማደሪያ ቦምቤ አጠገብ ሠራ እንበል። ገንዘቡ የባንክ ነው፣ ወለዱም 18 በመቶ ነው። ዓመታዊ ወለዱ ብቻ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይሆናል። ገደል ወጪ የሚመጣበት ደረቅ ወቅት 90 ሌሊት ነው ብለናል። ስምንት ክፍል በ90 ሌሊት 720 የክፍል ሌሊት ይሰጣል። አንዱን ክፍል በ2,500 ብር ቢያከራየውና አንድም ሌሊት አንድም ክፍል ባዶ ባያድር የሚያገኘው ልክ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው። ሁሉም ሞልቶ ወለዱን ብቻ ከፈለ ማለት ነው፤ ዘበኛው፣ አንሶላው፣ ናፍጣው፣ ዋናው ብድር ገና አልተነካም። ሲሶው ብቻ ቢሞላ ደግሞ የሚያገኘው 600 ሺህ ነው፣ ማለትም ብሎኑን ሁሉ ገዝቶ ከሚተክልበት ገንዘብ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው።

ዋጋውን በዶላር አስከፍለዋለሁ የሚል ይኖራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ከ130 ብር በላይ ተሻግሯል። ይህ ለውጭ እንግዳ ኢትዮጵያን አርክሷታል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ገደል ወጪ የሚባለው ጎብኚ በባሕርዩ ቆጣቢ ነው። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ለገመድ 200 ዶላር ከፍለው አልጋ ላይ 20 ዶላር ሲጠየቁ ይከራከራሉ። ድንኳን የሚመርጠውም ብዙ ነው። የውድ አልጋ ፈላጊ ደግሞ ከኦሞ ማዶ በዳውሮ፣ በግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ሐይቅ ዳር የተሠራው የሃላላ ኬላ ሪዞርት አለለት። የቦምቤ ባለሀብት በዚያ በኩል ከመንግሥት ጋር ለመፎካከር ባይነሣ ይሻለዋል።

ገንዘቡ የት ነው ያለው ታዲያ? በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ሬድ ሪቨር ጎርጅ የሚባል፣ ደሃ በሆኑ አውራጃዎች መካከል ያለ የገደል አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የምሥራቅ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ገደል ወጪዎች በዓመት 3.6 ሚሊዮን ዶላር በዚያ አካባቢ እንደሚያወጡ ገምቷል። በአካባቢው ስሙ የገነነው ቤት ሚጌልስ ፒዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አይስክሬም መሸጫ ሆኖ ተከፈተ፤ ወጪዎች ሲራቡ ፒዛ ጨመረ፣ ማደሪያ ሲያጡ ጓሮውን ለድንኳን ሰጠ፣ ገመድና ጫማ ሲፈልጉ እርሱንም ሸጠ። እያንዳንዱ ነገር የተጨመረው ፈላጊው ደጃፍ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ቀድሞ ሕንፃ፣ በኋላ እንግዳ ነው።

ቦምቤ ላይ ይህ ሲተረጎም አሁን ያለውን የከተማ ክፍል አጽድቶ ውሃና መብራት ማስተማመን፣ ለድንኳን የሚሆን ግቢ ማዘጋጀት፣ የወላይታን ሥጋና ቅቤ፣ ዳጣውን ጨምሮ፣ ለሆድ በሚስማማ ንጽሕና ማቅረብ፣ ከአረካ የሚያመጣ መኪና በቀጠሮ ማቆም ነው። ይህ ሁሉ ለገደል ወጪው ብቻ የሚሠራ አይደለም። አጆራን ለማየት ከሶዶ፣ ከሆሳዕናና ከአዲስ አበባ በቅዳሜና እሑድ የሚመጣው የአገር ውስጥ እንግዳ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ፏፏቴው የሚያምረው ዝናብ ባለበት ወር ስለሆነ ወቅታቸውም አይጋጭም። የመስከረሙ የጊፋታ በዓል ሲጨመር ገደል ወጪ የማይመጣበት ወር ባዶ አይሆንም። ወለዱን የሚከፍለው የአገር ሰው ነው፣ ፈረንጁ ትርፍ ነው ብሎ መነሣት ሳይሻል አይቀርም።

ገደሉ የማን ነው?

የመጨረሻው ጉዳይ ባለቤትነቱ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የኢንቨስትመንት መሬት ግን በሊዝ ወይም በኪራይ ይያዛል። ሊዝ የሚያዘው ለሎጁ የተሰጠው ቦታ እንጂ ገደሉ አይደለም። አንዱ ባለሀብት ብሎን አስተክሎ ሌላው አጠገቡ ድንኳን ቢተክል የሚያግደው የለም። በገደሉ አናት ያረሰው፣ በሥሩ ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬም መብት አለው። ካሊምኖስ ላይ ነገሩ የሠራው ብሎኑ የጋራ፣ ንግዱ የግል በመሆኑ ነው። የማዘጋጃ ቤት ወይም የማኅበር ገንዘብ ለገደሉ፣ የነጋዴ ገንዘብ ለአልጋና ለምግብ ማለት ነው። ቦምቤ ላይም ሃያውን መስመር የሚከፍተው አንድ ሰው ሳይሆን አሥር ነጋዴዎች ያዋጡበት ማኅበር ቢሆን ለአንዱ የሚደርሰው 60 ሺህ ብር ግድም ነው።

የአስተዳደር ወሰኑም ሌላ እክል ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ከሸለቆው ማዶ ያለው የከምባታና የጠምባሮ አገር ደግሞ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ገቡ። ፏፏቴው አንድ ነው፣ ፈቃድ ሰጪው ሁለት ነው። እንግዳው ከአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው ወገን ቢወጣ ማን ያስከፍለዋል፣ ሲወድቅስ ማን ያነሣዋል? ይህ በሁለቱ ወገን በጽሑፍ ካልተያዘ አንድ አደጋ የደረሰ ዕለት ሁሉም ነገር ይዘጋል። ጥንታዊ የዋሻ መጠለያዎችም ከብሎን መራቅ አለባቸው። በዳሞታ ተራራ ላይ ያለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ከአርባና ከሃምሳ ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሰው የኖረበት መሆኑ በቁፋሮ ተረጋግጧል፤ በቦሎሶ በኩል ባሉ ያልተጠኑ ዋሻዎች ምን እንዳለ ሳይታወቅ መሰርሰሪያ ማስገባት ነውር ነው።

የሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ሲገባ መደረግ ያለበት ርካሽ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በየቀኑ የዘነበውንና ያልዘነበውን የሚጽፍ አንድ ሰው፣ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ጧትና ማታ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሌላ ሰው፣ ዐለቱን እየነካ ልቅ ነው ጽኑ ነው የሚል አንድ ባለሙያ። የሦስቱ ደመወዝና አበል በአንድ ላይ ከሎጁ የአንድ ወር ወለድ ያንሳል። የተገኘው ውጤት የካቲት ላይ ለሚመለከተው ሁሉ ቢበተን፣ በሚቀጥለው መስከረም ሙኒክ ያለው ሰው የገና ዕረፍቱን ማሰብ ሲጀምር ጠረጴዛው ላይ ይደርስለታል።